35 ቀን ያለው ወር

ጥቅምት በገባ ቁጥር ወደዚህ ዝግጅት የሚደወለው ስልክ አንድ ዓይነት ነው። የልጆች ምዝገባ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው አልፈዋል፤ የቀረው ብድሩ ነው። ደዋዮቻችን «ከምን ላይ ልቀንስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሻይ ቡናውን ትቻለሁ፣ ታክሲውን ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሥጋ ቤቴ ከገባ ቆይቷል፣ ዕዳው ግን ፈቀቅ አላለም ይላሉ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ስለ ወርኃዊ አስቤዛ አያያዝ ነበር። እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ይህን ጥያቄ ማንሳት መርጫለሁ፤ ጥያቄው ራሱ ከተሳሳተ ቦታ ይነሳል ብዬ አምናለሁና። የብዙ ደመወዝተኛ ቤት ዕዳ የሚመጣው በየቀኑ ከምታወጡት ጥቂት ብር አይደለም። ቀኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ፣ ነገር ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተቀመጠለት ትልቅ ወጪ ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 እንደሚውል የማያውቅ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይከፈታል። የሚታወቀው ቀን ግን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ይደርስብናል።

ቁጥር እንውሰድ። አንድ ቤት ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርም፣ ለደብተርና ለሁለቱ በዓላት በጠቅላላው 24,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ይህ ገንዘብ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 2,000 ብር ነው። በየወሩ 2,000 ብር ማስቀመጥ ከባድ ነው፣ አልክድም። አሁን ደግሞ ያው ቤት ምንም ሳያስቀምጥ መስከረም ደርሶበት 24,000 ብሩን ከግለሰብ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ወለድ ወሰደ እንበል። ወለዱ ብቻ በወር 2,400 ብር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ወለዱ ብቻውን ቁጠባው ይጠይቅ ከነበረው ገንዘብ በለጠ። ዋናው ብድር ደግሞ አንድ ብር አልተነካም። የዚህ ቤት አባወራ በቀን የሚጠጣውን የ40 ብር ሻይ እርግፍ አድርጎ ቢተው በወሩ የሚያተርፈው 1,200 ብር ነው፤ የወለዱ ግማሽ። እንግዲህ «ሁሉን ትቻለሁ፣ ዕዳው ግን አልቀነሰም» የሚሉት አድማጮች እውነታቸውን ነው። የቀነሱት ከወለዱ ያነሰ ነው። ስንፍናም ማባከንም አይደለም፤ ስሌቱ ነው እንዲያ የሚለው። ስለዚህ በመጀመሪያ የምትቀንሱት ወጪ ወለዱ ራሱ ነው። ውዱን ብድር በርካሽ ብድር መተካት ከተቻለ፣ ለምሳሌ በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ወይም አሠሪያችሁ የደመወዝ ብድር የሚሰጥ ከሆነ፣ ያ አንድ እርምጃ የዓመት ሻይ ከመተው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ ጉዳዩ ስለሚያስደንቀኝ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ ደመወዙ ግን 12 ነው። ደመወዝ በየወሩ 25 የሚገባለት ሠራተኛ ነሐሴ 25 ይቀበላል፣ ቀጣዩን የሚያገኘው መስከረም 25 ነው። በመካከሉ ጳጉሜ አለች፤ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን። ስለዚህ ያ ወር 35 ቀን አለው። በዓመት ውስጥ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ያለው ረጅሙ ጊዜ ይህ ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ ምዝገባና መስቀል የተጠራቀሙትም እዚሁ ውስጥ ነው። ረጅሙ ወርና ውዱ ወር አንድ ላይ ወደቁ ማለት ነው። የቤት ኪራይ ለጳጉሜ ለብቻዋ አይጠየቅም፣ ሆድ ግን ጳጉሜን አይዘልም። ለምግብና ለመጓጓዣ በቀን 300 ብር የሚያወጣ ቤት ለ5 ቀን 1,500 ብር ያስፈልገዋል፤ ይህን ብር የሚሸፍን ደመወዝ የለም። በዚህች ክፍተት ላይ ነው ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብድር የሚወስደው፣ የቀረው በላዩ ይደራረባል። 1,500 ብር ለ12 ሲካፈል 125 ብር ነው። ስለ ጳጉሜ ፈውስና ጠበል ብዙ ሲነገር እሰማለሁ፤ ስለ ጳጉሜ አስቤዛ ግን ማንም ሲያነሳ አልሰማሁም። በየወሩ 125 ብር «የጳጉሜ» ተብሎ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ወደ ዕዳው ልመለስ። ከአበዳሪው ቀጥሎ ብዙ ቤት የሚያፈስሰው በሱቅ ዱቤ ነው። «ዱቤ እኮ ወለድ የለውም» ትሉኛላችሁ። የዱቤ ደብተሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስማችሁ ከላይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ እንቁላል፣ አጠገቡ ብር። ስንት ሊትር፣ ስንት ኪሎ የሚል ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ቀን ካለ ካለ ነው፣ ከሌለም ማንም አይጠይቅም። በወሩ መጨረሻ ድምሩ ይነገራችኋል፣ ትከፍላላችሁ፣ በማግስቱ እንደገና ይጀመራል። ባለሱቁን እየወቀስኩ አይደለም፤ እሱም ገንዘቡ እናንተ ጋ ሲታሰር ኪሳራ አለው፣ ያንን ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ላይ ማግኘት አለበት። የዱቤ ዋና ዋጋው ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ ሱቅ እንዳትወጡ ያስራችኋል። የእሁድ ገበያ ወይም ሸማች ማኅበር ጋ ዘይቱ በርካሽ ቢገኝም በእጃችሁ ጥሬ ብር የለም። ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን መግዛት ስለማትችሉ በላስቲክ ትገዛላችሁ፤ ከሰሉን በማዳበሪያ ማስገባት ስለማትችሉ በጣሳ ትገዛላችሁ። አንድ ማዳበሪያ ከሰል በጣሳ ተቸርችሮ ሲያልቅ ስንት እንደሚያወጣ ራሳችሁ ደምራችሁ እዩት። ድኻ ቤት ከሀብታም ቤት በላይ የሚከፍልበት መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ ከወለዱ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ትርፍ ብር የምትሄደው ደብተሩን ለመዝጋት ይሁን። አንድ ወር በጥሬ ብር ከገዛችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ያው ብር ብዙ ያስገባል።

አሁን ደጋግሜ የተናገርኩትን፣ ደጋግማችሁም የምትስቱትን ነገር እንደገና ልናገር። ቀድሞ የወጣ እቁብ ዕዳ ነው። ስልክ የሚደውሉ አድማጮች «እቁብ ወጣልኝና ዕዳዬን ከፈልኩ፣ ተገላገልኩ» ይላሉ። አልተገላገላችሁም። በ10 ሰው እቁብ ዕጣው በሁለተኛው ወር የወጣለት ሰው ስምንት ወር የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ዕዳው ወለድ የለውም፣ ደግ ዕዳ ነው፣ የአበዳሪውን ብድር በእሱ መተካት ትልቅ ብልኃት ነው። ነገር ግን «ነፃ ወጥቻለሁ» ብሎ ሶፋ የሚቀይር ሰው አራት ወር ቆይቶ የእቁቡን መዋጮ ለመክፈል ይበደራል። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ፤ ችኮላ ይዞት የሌላውን ዕጣ የሚገዛ። ዕጣውን ሲገዛ ለሻጩ የሚተውለት ብር ወለድ ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ። ቀድሞ የወጣ እቁብ ዕዳ ነው፤ በመጨረሻ የወጣ እቁብ ቁጠባ ነው። ለመስከረም እቁብ የምትገቡ ከሆነ ዳኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩና የነሐሴን ተራ ያዙ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ እንዲወጣለት ስለሚፈልግ የመጨረሻውን ተራ የሚከለክላችሁ አይኖርም።

ከአድማጮች የመጣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ አክብሬ ልመልሰው። «ብር ዋጋው በሚወርድበት አገር የሚቆጥብ ይከስራል፣ የሚበደር ያተርፋል» ይላል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነበር። ስለዚህ ብር አስቀምጦ መተኛት እንደሚያከስር እቀበላለሁ። ተበድሮ የሚያተርፈው ግን ብሩ ሲወርድ ዋጋው የሚጨምር ነገር የገዛ ነው፤ ቤት፣ መሣሪያ፣ ለንግድ የሚሆን ዕቃ። በመስከረም ብድር የተገዛው በግ መስከረም 2 የለም። ደመወዛችሁም ገበያው በሚጨምርበት ፍጥነት አይጨምርም፤ የሚያከስረውን ቁጠባ ሸሽቶ በወር 10 በመቶ ወደሚያስከፍል ብድር መግባት ደግሞ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው። ብር ማስቀመጡ ካሰጋችሁ ዕቃ አስቀምጡ። እናቶቻችን በርበሬውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ አዝመራው ገብቶ ሲረክስ ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ አስፈጭተው ለዓመት ያቆዩት የነበረው ለዚህ ነው። ጤፍም ከመኸር በኋላ ያለው ዋጋና በክረምት ያለው ዋጋ አንድ አይደለም። ጥር ላይ የተገዛ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለመስከረም የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጤፍ ሳትገዙ ስትቀሩ ያ ብር ለምዝገባ ይውላል።

ሌላው ተቃውሞ ይሉኝታ ነው። «በዓሉን ባናከብር ጎረቤት ምን ይላል፣ ልጆቹስ?» እኔ በዓል አታክብሩ የሚል ምክር ሰጥቼ አላውቅም፣ አልሰጥምም። በአገራችን መስቀልን በድምቀት በማክበር የሚታወቁትን ጉራጌዎች ተመልከቱ። የመስቀል ሠንጋ በመስከረም አይታሰብም፤ ወንዶቹ ለበሬው የሚሆነውን አስቀድመው ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ የቅቤ እቁብ ገብተው ለክትፎው የሚሆነውን ያጠራቅማሉ። በብዛት የሚያወጣው ማኅበረሰብ ከሁሉ ቀድሞ የሚያዘጋጅም ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ድግሱና ዕዳው የግድ አብረው የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ መስቀል ያንን ሕዝብ ባራቆተው ነበር። በከተማም ቅርጫ አለ፤ ሰፈሩ ተባብሮ አንድ በሬ ሲጥል የአንዱ ቤት መደብ ከበግ ባነሰ ዋጋ ሊወጣ ይችላል። ቅርጫ መግባት ደግሞ የሚያሳፍር ሳይሆን ሰውን የሚያቀራርብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ገቢዬ ለምግብ እንኳ አይበቃም፣ ምኑን ልቆጥብ?» የሚለው ነው። ለዚህ ሰው የቁጠባ ምክር መስጠት ስድብ ነው፣ አላደርገውም። ከልጆች ሳህን ላይ ቀንሳችሁ ዕዳ አትክፈሉ። የእናንተ ሥራ ከአበዳሪው ጋር መነጋገር ነው፤ ስትነጋገሩ ደግሞ ሕጉን ይዛችሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ላይ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ ሊስማሙ እንደማይችሉ ይደነግጋል፤ ባንኮች የሚመሩት በራሳቸው ሕግ ነው። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው፤ ሕጉ ከሚፈቅደው አሥር እጥፍ። አራጣ በወንጀል ሕጋችንም የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ይህን የምነግራችሁ ከሰው ጋር እንድትጣሉ አይደለም። «ዋናውን እከፍልሃለሁ፣ ወለዱን በሕጉ ልክ እናድርገው፣ በጽሑፍም እንያዘው» ለማለት እንዳትፈሩ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሕጉ መሠረት በጽሑፍ ነው የሚረጋገጠው፤ የከፈላችሁትንም እንዲሁ በጽሑፍ አስይዙ። በወር ስንት እከፍላለሁ ብላችሁ ቃል ስትገቡ ደግሞ አንድ ልክ ላውሳችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ሕግ አውጪው ከዚህ ካለፈ ቤቱ አይቆምም ብሎ ያሰበበት ልክ ነው። እናንተም በፈቃዳችሁ ከዚያ በላይ ቃል አትግቡ፤ ስትገቡ በሦስተኛው ወር ሌላ አበዳሪ ጋ ትሄዳላችሁ። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ክረምት በስልክ ብድር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አበዳሪ ፍለጋ ከቤት መውጣት ቀርቷል፤ ቁልፉን መጫን ነው። ማንም ዘንድ ሄዶ ያለማፈሩ መልካም ነው፤ ሆኖም 1,000 ብር ወስዶ በወሩ 1,060 የሚመልስ ሰው በዓመት ሲሰላ 72 በመቶ እየከፈለ መሆኑን ይወቅ።

ሰዓቱ እያለቀብኝ ነው፤ ያልመለስኩት አንድ ጥያቄ ቀርቷል። «ዕዳ እያለብኝ ለገና ላስቀምጥ ወይስ ሁሉንም ለዕዳው ልክፈል?» በስሌት ከሄድን ሁሉም ለውዱ ዕዳ ነው። ነገር ግን ገና ታኅሣሥ 29 ይመጣል፣ ባዶ እጃችሁን ካገኛችሁ ያው አበዳሪ ጋ ይመልሳችኋል። ከአሁን እስከዚያ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ደመወዝ አለ። ስለዚህ ገናውን በቅርጫና በአንድ ዶሮ ልክ ወስኑት፤ ይህ 4,500 ብር ይፈጃል ካላችሁ ከየደመወዙ 1,500 ለብቻው ይነሳ፣ የተረፈው በሙሉ ወለዱ ወደሚከብደው ዕዳ ይሂድ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ሱቁ ጋ ጎራ በሉና ደብተሩን አስደምሩ። ከድምሩ ጎን ቀን እንዲጻፍበትም ጠይቁ።