ስለ ልጆች ንስሐ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በዛሬው ንግግራችን ወላጅ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ስለ እግዚአብሔር ስለሚያጫውትባት ሰዓት ጥቂት ቃል እንናገራለን። ይህች ሰዓት በብዙ ቤት የለችም፤ ባለችበትም ቤት አብዛኛውን ጊዜ የቍጣ ሰዓት ናት። ልጅ ሲያጠፋ «እግዜር ይቈጣሃል»፥ ሲዋሽ «ሲኦል ትገባለህ»፥ አልተኛም ሲል ደግሞ «አያ ጅቦ መጣልህ» እንለዋለን። እንዲህ በማለታችንም ሳናስበው በሕፃኑ ልብ ውስጥ ፈጣሪውንና ጅብን በአንድ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው።

ከደሴ ወደ ሐይቅ፥ ከሐይቅም ወደ ወረባቦ የተጓዘ ሰው የቢስቲማን ከተማ ያውቃታል። በዚያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ ይኖራል። የዚያ አገር ሰው የሆኑ አንድ አባት ያጫወቱንን ለእናንተም ለማካፈል ወደድን።

የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው እንቍላል ይዞ ወደ ገበያ ሲላክ በመንገድ ላይ ሲጫወት ሰበረው። ቍጣውን ስለ ፈራ ቤት ተመልሶ «የጎረቤታችን ልጅ ገፍቶ ጣለኝ» አለ። እናቲቱ ወደ ጎረቤቷ ሄዳ ተናገረች፤ ቃል ቃልን ወለደ፤ ለብዙ ዓመት ቡና ሲጠራሩ የኖሩት ሁለት ቤቶች ጀርባ ተሰጣጡ። ያልገፋው ልጅ በእናቱ እጅ ተገረፈ። የዋሸው ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በማታ ጸሎት ከሰው ኋላ ተሸሽጎ ይቀመጥ፥ እሑድ በመጣ ቍጥርም «ሆዴን አመመኝ» እያለ ከቤተ ክርስቲያን ይቀር ጀመር።

ይህ ልጅ የሸሸው ከማን ነው? ከአባቱ በትር እንዳንል፥ ነገሩ ስላልታወቀ በትር አልተነሣበትም። የሸሸው «ይቈጣሃል» ብለን ካስተማርነው አምላክ ነው። አዳምም በገነት ዛፎች መካከል ተሸሽጎ ነበር፤ ነገር ግን ወዴት ነህ እያለ የፈለገው ራሱ እግዚአብሔር መሆኑን ለልጆቻችን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምንጾመው ጾመ ነነዌ ደረሰ። አባትየውም ማታ በእሳት ዳር የዮናስን ታሪክ ለልጆቻቸው ይነግሩ ጀመር። ነቢዩ ከእግዚአብሔር ፊት ሊኰበልል መርከብ እንደ ገባ፥ የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው እንደ ተመለሱ፥ እግዚአብሔርም ቀኛቸውንና ግራቸውን ለማይለዩት ከ120 ሺህ ለሚበልጡት ነፍሳት እንደ ራራ አወሩላቸው። ልጁ አቋረጣቸውና «ዮናስ ከሸሸ በኋላ እግዚአብሔር ጠላው ወይ?» አለ። «አልጠላውም፤ ዓሣውን ያዘዘለት እንዳይሰጥም ብሎ ነው» አሉት። ይህን ጊዜ ልጁ አለቀሰ፤ እንቍላሉን የሰበረው ራሱ እንደ ሆነም ተናገረ።

አባትየው እውነቱን አልደበቁንም። እጃቸው ወደ ዱላው ሊሄድ ነበር። «ዛሬ ከመታሁት ሁለተኛ እውነት አይነግረኝም ብዬ ተውሁት» አሉን። ነገር ግን «ምንም አይደል» ብለውም አላለፉትም፤ ያለ ጥፋቱ የተገረፈ ልጅ በአጥሩ ማዶ አለና። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ አባት፥ እናትና ልጅ ሦስቱም ወደ ጎረቤት ሄዱ። አባትየው ቀደሙና «እታለም፥ ሳንጠይቅ ልጅሽን በድለናልና አፉ በይን» አሉ። (አፉታ በወሎ ቀላል ቃል አይደለም፤ ተጠይቆ የሚነፍገው ሰው ጥቂት ነው።) ልጁም አባቱን አይቶ የአባቱን ቃል ደገመ። ሴትዮዋ «አላህ ሁላችንንም አፉ ይበለን፤ ግቡ» ካለች በኋላ ወደ ገዛ ልጇ ዘወር ብላ ራሱን እየዳሰሰች አለቀሰች። ጥፋተኛውም ለራሱ ከተሰጠችው ዶሮ ጫጩቶች አንዷን መርጦ ለተገረፈው ልጅ ሰጠ። ይህን ያዘዘው ማንም አልነበረም።

ምእመናን ሆይ፤ ንስሐ ማለት መጸጸት ነው፤ ጸጸትም ኑዛዜን፥ ኑዛዜም ቀኖናን ይዞ ይመጣል። የነፍስ አባታችን ወደ ቤት ሲመጡ ግን ልጁን አቅርበን ኃጢአቱን እኛው የምንዘረዝርለት ወላጆች አለን። ይህ ክስ እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ልጁን ከካህኑ ጋር ትተን ወጣ ማለት ይገባናል።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ያን ዕለት ይቈርባሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባና እቅፍ ሆነው ለቍርባን ሲሰለፉ እናያለን። ኃጢአትን በሚያውቁበት ዕድሜ፥ ማለት መድኃኒቱ ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ፥ ከሰልፉ ውስጥ ብዙዎቹን እናጣቸዋለን። ማወቅን ከመባረር ጋር አንድ አድርገን ስላስተማርናቸው አይደለምን?

ከቢስቲማ በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ይታወቃል። በሉቃስ ወንጌል ውስጥ ገንዘቡን አባክኖ የተመለሰውን ልጅ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ የሚለው ታሪክ በዚያ አገር ሰባት መቶ ዓመት ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። ሽማግሌ ሲሮጥ ማየት በአገራችን እንግዳ ነገር ነው፤ ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባውም ይኸው ሩጫ ነው።

የቢስቲማው ልጅ ከነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ የተሰጠውን ቀኖና በፈጸመ ጊዜ እሑድ ዕለት ቈረበ። አባትየው ከበስተኋላ ቆመው ያዩት ነበር። ልጁ ወደ ቤት ሲመለሱ እጃቸውን ይዞ «አባዬ፥ አንቱስ?» አላቸው። እርሳቸውም በዚያ ሳምንት የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።