ስለ ብርድ የተነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ብርድ ለመናገር ነው። ብርድ ስንል ግን ካፖርት የሚያስለብሰውን ሳይሆን፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ በፈሊጥ መልክ ተደብቆ የሚኖረውን ብርድ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማርን ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለብን። ቃላቱን አንድ በአንድ ብንጠየቅ እንመልሳለን፤ ተገጣጥመው ሲመጡ ግን እንግዳ ይሆኑብናል። “ኮልድ” ቀዝቃዛ ነው፤ “ፊት” እግሮች ነው፤ “ኮልድ ፊት” ግን ቀዝቃዛ እግሮች አይደለም። (ይህ “ፊት” የእንግሊዝኛው እግር እንጂ የአማርኛው ፊት እንዳልሆነ አድማጮቻችን ያስተውሉልን።)

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርናችሁ ነበር። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ፥ በፍርድ ቤት የሚያስተረጉም፥ በትምህርት ቤት የሚያስተምር ይወጣል። የባዕዱን ፈሊጥ ቃል በቃል እየገለበጥን ያመጣን እንደ ሆነ፥ ሕዝባችን የሚሰማው አማርኛ የሚመስል፥ ግን አማርኛ ያልሆነ ነገር ይሆናል። ከዚህም የሚብሰው፥ አንዳንዱ ሲገለበጥ ተቃራኒውን ስሜት የሚሰጥ መሆኑ ነው። ዛሬ ልናስረዳ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

አስቀድመን የእኛን ቤት እንይ። ደገኛ አገር ነንና ብርድን አናውቅም አይባልም። ብርድ፥ ቁር፥ ውርጭ፥ ቆፈን፥ አመዳይ እያልን እንለየዋለን። ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣሩንም፥ እንደ ባዘቶ የሚያርፈውንም፥ ረግቶ ድንጋይ የሆነውንም ውሃ በተለምዶ ሁሉንም “በረዶ” ብለን እናልፈዋለን፤ ወንዞቻችን ረግተው መንገድ አይሆኑምና። በምሳሌያዊ አነጋገራችን ደግሞ ብርድ ብዙ ጊዜ የኃይል መቀነስን ያመለክታል። “ቁጣው በረደ”፥ “ጠቡ በረደ”፥ “ገበያው ቀዘቀዘ”፥ “ነገሩ ቀዘቀዘ” እንላለን። ቀዝቃዛ ሰው ስንልም ፈዘዝ ያለውን፥ ጨዋታ የማያውቀውን ማለታችን ነው እንጂ ጨካኙን አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን ብርድ ከሁሉ በፊት የፍቅር መነፈግ ነው። ቀዝቃዛ ሰው የሚሉት ልቡን የዘጋውን፥ ለሌላው የማይራራውን ነው። ይህን ልዩነት ከያዝን የቀረው ሁሉ ይገለጥልናል።

ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ “ብሬክ ዚ አይስ” የሚለውን እንውሰድ፤ ቃል በቃል በረዶውን ሰበረ ማለት ነው። ዛሬ የሚነገረው በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ያለውን ዝምታ በጨዋታ ስለሚያስወግድ ሰው ነው። የጥንት ትርጉሙ ግን ሌላ ነበር። ወንዝ በረጋ ጊዜ አንድ ጀልባ ቀድሞ በረዶውን እየሰበረ ለሌሎቹ መንገድ ይከፍታልና፥ አንድን ከባድ ሥራ ቀድሞ የጀመረውን ሰው በረዶውን ሰበረ ይሉት ነበር። እኛ “መንገድ ጠረገ” የምንለው መሆኑ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሰናዳው የላቲን ምሳሌዎች መድበል ውስጥ ይህን አነጋገር አስገብቶታል። ሰር ቶማስ ኖርዝ የፕሉታርክን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1579 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ሼክስፒርም ተጠቅሞበታል። እንግዲህ እንግሊዞች የራሳቸው ይመስላቸው ይሆናል እንጂ እነርሱም ከሌላ የተዋሱት ነው።

ብድሩ ግን በባዶ መሬት ላይ አልወደቀም። በለንደን ከተማ የሚያልፈው የቴምዝ ወንዝ በዚያ ዘመን አንዳንድ ክረምት ይረጋ ነበር። የአሮጌው ድልድይ ቅስቶች ጠባብ ስለ ነበሩ ውሃውን አዘግይተው በረዶው እንዲጠራቀም ያደርጉ ነበር። ከ1683 እስከ 1684 በነበረው ክረምት ሕዝቡ በረጋው ወንዝ ላይ ዳስ ጥሎ ገበያ አቋቁሟል፤ በሬ ጠብሷል፤ የማተሚያ መሣሪያ ሳይቀር አቁሞ የጎብኚዎችን ስም በወረቀት እያተመ ሸጧል። የመጨረሻው የበረዶ ላይ ገበያ የተደረገው በ1814 ነው። አሮጌው ድልድይ በ1831 መፍረስ ከጀመረ በኋላ፥ የአየሩም ጠባይ እየሞቀ ስለ ሄደ፥ በከተማው መካከል እንዲህ ያለ ገበያ አልታየም። ገበያው ጠፋ፤ ፈሊጡ ግን ቀረ። ለእኛ አድማጭ “በረዶውን ሰበረ” ብንለው የሚሰበር በረዶ ስለማያውቅ አይገባውም፤ “ጨዋታ ከፈተ” ወይም “ዝምታውን ሰበረ” ይበቃናል።

ሁለተኛው “ኮልድ ሾልደር” ነው፤ ይኸውም ቀዝቃዛ ትከሻ ማለት ነው። አንድን ሰው አውቀው እንዳላዩት ሲያልፉት፥ ሲቀርብም ሲርቁት ይነገራል። ስለ አመጣጡ በየቦታው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። የከበረ እንግዳ ሲመጣ ትኩስ ጥብስ ይቀርብለታል፤ ያልተፈለገ እንግዳ ሲመጣ ግን ካደረ የበግ ወርች ቀዝቃዛውን ይሰጡታል፤ ፈሊጡም ከዚህ ወጣ ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ቃሉ ተጽፎ የተገኘው በስኮትላንዳዊው ደራሲ በዋልተር ስኮት መጽሐፍ በ1816 ሲሆን፥ እርሱም በስኮትላንድ አነጋገር የጻፈው ስለ ሰው ፊት መንሣት ነው፤ ማዕድም የለበት፥ የበግ ሥጋም የለበት። ትከሻን ማዞር ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 9 ስለ እልከኞች የሚናገረው ክፍል አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የቃልን ምንጭ ስንፈልግ የሚጥመውን ተረት ሳይሆን የተጻፈውን መከተል እንዳለብን ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ያሰኛል። አማርኛ ለዚሁ ድርጊት “ፊት ነሣው” ይላል። እንግሊዛዊው የተሰጠውን ትከሻ ቆጠረ፤ እኛ የተነፈግነውን ፊት ቆጠርን። የዞረው ሰው አንድ ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ያዩት ግን ከሁለት ወገን ነው። እንዲህ ያለ ቃል በቤታችን ሳለ “ቀዝቃዛ ትከሻ አሳየው” ብሎ መጻፍ ምን ይባላል?

ሦስተኛው መግቢያችን ላይ የጠቀስነው “ኮልድ ፊት” ነው። አንድ ሰው ሊሠራው ከቆረጠው ነገር በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ሲያፈገፍግ፥ በተለይም ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ሲያመነታ ይነገርለታል። በዚህ ትርጉሙ አሜሪካዊው ስቲቨን ክሬን “ማጊ” በተባለው ልብ ወለዱ በ1896 እትም ጽፎታል። ከዚያ በፊት ጀርመናዊው ፍሪትስ ሮይተር በ1862 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የካርታ ተጫዋች ያሸነፈውን ገንዘብ ይዞ ለመውጣት እግሬን በረደኝ ብሎ ያመካኛል። ይልቁንም ወደ ኋላ ብንሄድ፥ ቤን ጆንሰን በ1606 ገደማ በታየው “ቮልፖኔ” በተባለው ቴያትሩ ውስጥ፥ እግሩን የበረደው ሰው ማለት ገንዘብ ያጣ ሰው መሆኑን የሚያመለክት የሎምባርዲያ ምሳሌ ጠቅሷል። ገንዘብ ያለቀበት ቁማርተኛ ከጨዋታው ይሸሻል፤ ከዚያ ወደ ፍርሃት መሻገሩ ቅርብ ይመስላል፤ ግን ሰንሰለቱ ሁሉ ተያይዞ አልተገኘምና በይሆናል እናቆየዋለን። እኛ “ወኔው ከዳው” እንላለን። የእኛ እግር በፍርሃት ጊዜ የሚሠራው ሌላ ነው፤ “እግሬ አውጪኝ” ተብሎ ይለመናል! የእንግሊዙ እግር በርዶ ያስቀራል፤ የእኛው ግን ያድናል።

አራተኛው “ኢን ኮልድ ብለድ”፥ በቀዝቃዛ ደም ማለት ነው። ይህ ከጥንት ሐኪሞች ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ከሂፖክራተስና ከጋሌን የወረደው ትምህርት የሰው ጠባይ በአራት ፈሳሾች እንደሚወሰን ይናገር ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ሙቅና እርጥብ የተባለው ደም ነው። ሰው ሲቆጣ ደሙ ይፈላል፤ ሲረጋጋ ይበርዳል ተብሎ ይታመን ነበር። እኛም “ደሙ ፈላ”፥ “በደም ፍላት አደረገው” እንላለንና እስከዚህ ድረስ መንገዳችን አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያል። ፈረንሳዮች “ሳን ፍሯ” ማለትም ቀዝቃዛ ደም የሚሉት በአደጋ ጊዜ የማይደነግጠውን ሰው ለማመስገን ነው። እንግሊዞች ይህን የፈረንሳዮች ቃል እንዳለ ወስደው ለምስጋና ሲያውሉት፥ የራሳቸውን “ኮልድ ብለድ” ግን ለነውር አስቀሩት፤ ያለ ርኅራኄ፥ አስቦ የሚገድለው ሰው በቀዝቃዛ ደም ገደለ ይባላል።

አሁን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ “በቀዝቃዛ ደም ገደለው” ቢል የአማርኛ አድማጭ ምን ይሰማል? መብረድ በእኛ ዘንድ የቁጣ መራቅ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የቀለለ ሊመስለው ይችላል። በሕግ ፊት ድንገት ደሙ ፈልቶ የገደለና አስቦ፥ አድብቶ የገደለ እኩል አይደሉም። ስለዚህ “ሆን ብሎ፥ አስቦና ጨክኖ” ማለት ይገባል። እዚህ ላይ የፈሊጥ ስሕተት የሰው ነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ወደ ቋንቋችን ገብቶ የተቀመጠው “ኮልድ ዎር”፥ ቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1945 ስለ አቶም ቦምብ በጻፈው ጽሑፍ፥ ማንም ሊደፍረው የማይችል ግን ከጎረቤቶቹ ጋር የማይታረቅ መንግሥት የሚኖርበትን ሁኔታ በዚህ ቃል ጠራው። በ1947 አሜሪካዊው በርናርድ ባሩክ በንግግሩ፥ ጋዜጠኛው ዋልተር ሊፕማንም በመጽሐፉ ርእስ ቃሉን አስፋፉት። የዚያ ቅዝቃዜ ትርጉም በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ጥይት አልተተኮሰም፥ ፍቅርም የለም ማለት ነው።

ለአማርኛ ጆሮ ግን ቀዝቃዛ ጦርነት ሲባል እየበረደ የሄደ፥ ሊያበቃ የተቃረበ ጦርነት ይመስላል። እውነቱን ታሪክ ይመስክር። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 እስከ 1953 በኮሪያ ተዋግተዋል። በ1977 እና በ1978 ሶቪየት ኅብረት ድጋፏን ከሞቃዲሾ ወደ አዲስ አበባ ስታዞር፥ የኩባ ወታደሮችም ከእኛ ጎን ሲሰለፉ፥ ኦጋዴን ውስጥ የፈሰሰው ደም ቀዝቃዛ አልነበረም። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ዘመኑ እስኪዘጋ ድረስ፥ ቅዝቃዜው የትልልቆቹ ነበር፤ እሳቱ የትንንሾቹ። ስሙ የተሰጠው ከእነርሱ መስኮት ታይቶ ነው። ቃሉን ዛሬ ከአማርኛ እናውጣው ብንል አይሆንልንም፤ የማንን ብርድ እንደሚናገር ግን ልናውቅ ይገባናል።

መዋስ ነውር ነው ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። እንግሊዝኛም ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ተውሶ እንደ በለጸገ አይተናል። አንዳንድ ጊዜም መዋስ ጭራሽ አያስፈልግም፤ እነርሱ በአሳቡ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበት ሲሉ፥ እኛ ከጥንት “ውሃ ቸለሰበት” ብለናል።

ምክራችን አጭር ናት። የባዕድ ፈሊጥ ሲያጋጥመን ቃሉ ምን ይላል ብለን ብቻ ሳይሆን፥ በተናጋሪው አፍ ምን ሥራ ይሠራል ብለን እንጠይቅ። ከዚያም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ቃል ከቤታችን እንፈልግ። የጻፍነውንም እንግሊዝኛ ላልተማረች እናታችን እናንብብላት። “ፊት ነሣው” ስንል ታዝናለች፤ “ቀዝቃዛ ትከሻ አሳየው” ስንል ግን ልጄ፥ ትከሻውን ምን ነካው? ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልስ ያለብንም እኛ የተማርነው ነን።