ሥር የሰደደ ከማሕፀን ውጭ እርግዝና፤ የመሣሪያ ንባብና የሐኪም ፍርድ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ብየዳን በድምፅ ሞገድ የሚመረምር ባለሙያ «ስንጥቅ የለም» ብሎ ቢፈርም፣ ሙያውን የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን «መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው የሚበልጥ ስንጥቅ አልተገኘም» ብሎ ይረዳዋል። ከዚያ ስለሚያንሰው ስንጥቅ ወረቀቱ አንዳች አልተናገረም። ይህን የአነባበብ ልማድ ከፋብሪካ ወደ ሐኪም ቤት ይዞ መግባት ግድ የሚሆንበት በሽታ አለ፤ እርሱም ሥር የሰደደ ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ነው።

ፅንስ በማሕፀን ውስጥ ማረፍ ሲገባው አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረውም በማሕፀን ቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧው በድንገት ሲፈነዳ ሴቲቱ ሆዷ ደም ሞልቶ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ይህ መልኩ እጅግ አስፈሪ ቢሆንም ራሱን አይሰውርም። ሥር የሰደደው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ጥቂት ይደማል፣ ይቆማል፣ ከቀናት በኋላ እንደገና ይደማል። የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ አንጀቱ፣ ሞራውና የዕንቁላል ዕጢው በላዩ ላይ ይጣበቁና ዕባጭ የመሰለ ነገር ይፈጠራል። ፅንሱ እየሞተ ሲሄድ የእርግዝናውን ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳትም አብረው ይከስማሉ።

እንዲህ ያለችው ሴት ወደ ሐኪም ቤት በእግሯ ትመጣለች። የወር አበባዋ ዘግይቷል ወይም ተዛብቷል፤ ታችኛው ሆዷን ለሳምንታት አሟታል፤ ነጠብጣብ ደም ታያለች፤ አልፎ አልፎም ትኩሳት ቢጤ ይሰማታል። ሽንቷ ይመረመርና «እርግዝና የለም» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ምርመራው መንገድ ይስታል፤ የማሕፀን ቧንቧ ቁስለት ነው ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ ወይም የዕንቁላል ዕጢ ዕባጭ ነው ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደሙ መፍሰሱን አላቆመ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የሽንት መመርመሪያ ወረቀቶች ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን የሚያሳዩት በሊትር ከ20 እስከ 25 ዩኒት ሲደርስ ነው። ሽንቱ ከቀጠነ ደግሞ ይህም ይሳታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ቫይቱካይቲስ፣ ብራውንስታይንና ሮስ የሆርሞኑን ቤታ ክፍል ለይቶ የሚለካ ዘዴ ካወጡ ወዲህ የደም ምርመራው በጣም ረቋል፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን በተለምዶ ከ5 ዩኒት በታች ያለውን «የለም» ብሎ ይመልሳል። ሥር የሰደደው በሽታ የሚኖረው ከነዚህ ወሰኖች ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በነርሱ መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሁለቱም በታች ነው። ስለዚህ የሽንቱ መልስ ከሕመሙ ታሪክ ጋር ካልተስማማ፣ የደሙ ልኬት በቁጥር ተወስዶ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይበልጥ ይናገራልና። የደሙም ልኬት ምንም ባያሳይ፣ ዕባጩና ሕመሙ እስካሉ ድረስ ጥርጣሬው አይዘጋም። መሣሪያ የሚመርጡና የሚጠግኑ መሐንዲሶች እዚህ ላይ ቀላል ሥራ አላቸው፤ በውጤቱ ወረቀት ላይ «የለም» ከሚለው ቃል ጎን የመሣሪያው ዝቅተኛ ወሰን እንዲጻፍ ማድረግ ይችላሉ።

አልትራሳውንድ ራሱ ከብረት ምርመራ የተወለደ ነው። የግላስጎው ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ከሕመምተኞች የወጡ ዕባጮችን በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክና ዊልኮክስ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ፤ በብረት መመርመሪያውም ፈተኗቸው። ለማነጻጸሪያ የቀረበላቸው አንድ ትልቅ ቁራጭ የበሬ ሥጋ ነበር ይባላል። በኋላም ከኬልቪንና ሂውዝ ኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ከቶም ብራውን ጋር ሠርተው፣ ከዶክተር ማክቪካር ጭምር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት አወጡ። የመሣሪያው የመጀመሪያ ድል በፈሳሽ የተሞላውን ዕባጭ ከድፍኑ መለየቱ ነበር፤ የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት የተባለች ሴት ሕመሟ ሊወጣ የሚችል ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ሆኖ ተገኘ።

ሥር የሰደደው ከማሕፀን ውጭ እርግዝና መሣሪያውን የሚያስቸግረው በዚሁ በድሉ ቦታ ነው። አዲስ የፈሰሰ ደም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሲረጋ እንደ ድፍን ሥጋ ድምፁን ይመልሳል፤ ቆይቶ ሲሟሟ ደግሞ ሁለቱን ይቀላቅላል። አምስት ሜጋኸርዝ የሆነ ሞገድ በሰውነት ውስጥ ርዝመቱ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ሥዕሉ አልደበዘዘም፤ የጎደለው የአሮጌ ደምና የዕባጭ ሥጋ የድምፅ ልዩነት ነው። የተሻለ ማሽን መግዛት ይህን ችግር ፈጽሞ አያስወግደውም።

መሣሪያው በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ ከማሕፀን ጀርባ ባለው ጎድጓዳ መርፌ ሰዶ ይስባል። ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ከወጣ ነገሩ ይገለጣል። ደሙ ቀድሞ ረግቶ ከሆነ ግን መርፌው ባዶውን ይመለሳል፤ ይህም ሌላው የማይታመን «የለም» ነው። የሚያሳምነው በላፓራስኮፒ ወይም ሆድን ከፍቶ በዓይን ማየትና የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው፤ በዚያም የሞተው እንግዴ ልጅ ጥላ የመሰሉ ቅሪቶች ይገኛሉ።

ሕክምናው በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ነው። ሕመምተኛዋ ደኅና ብትመስልም ደም ይዘጋጅላታል፤ አንጀቱ ከዕባጩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ጥገናው በለመደ እጅ መሠራት አለበት። ቧንቧው ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ የዕንቁላል ዕጢው የሚተርፍ ከሆነ እንዲተርፍ ይደረጋል። ሜቶትሬክሴት በመራባት ላይ ያሉ ሕዋሳትን የሚያጠቃ መድኃኒት ስለሆነ፣ ለከሰመና ለሞተ ሥጋ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ሆርሞኗ ወደ ዜሮ የወረደ፣ ሕመሟ የቀለለና ዕባጯ ትንሽ የሆነ ሴት በቅርብ ክትትል ልትጠበቅ ትችላለች፤ ይህ ግን መመለስ ለምትችል፣ ሐኪም ቤቱም ለሚቀርባት ሴት እንጂ ከሩቅ ገጠር ለመጣችው አይመከርም። የደሟ ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች እንደሆነ ፀረ ዲ መርፌ መስጠት ይታሰባል። በሚቀጥለው እርግዝናዋም በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት ፅንሱ ያረፈበት ቦታ በአልትራሳውንድ እንዲታይ፣ ከሐኪም ቤት ከመውጣቷ በፊት በካርዷ ላይ ይጻፍላታል።