ሬዲዮሄድ፦ የቱ አልበም ይበልጣል?

እሱ፦ ለእኔ የሬዲዮሄድ ባንድ ቁንጮ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ «ኦኬ ኮምፒዩተር» ነው። «ሌት ዳውን» የተባለው ዘፈኑ ላይ ጊታሮቹ ሲጠላለፉ ዛሬም ልቤ ይሸፍታል።

እሷ፦ እሱንማ ማን ይክዳል! ግን በ2000 «ኪድ ኤ»ን ሲያወጡ ድፍረታቸውን አስበው። ዓለም በጊታር ወዷቸው ሳለ፣ ጊታሩን ገሸሽ አድርገው በኪቦርድና በኮምፒዩተር ድምፅ መጡ። አንድም ነጠላ ዘፈን ለብቻው አልለቀቁም።

እሱ፦ ድፍረቱን እቀበላለሁ፤ ግን አልበሙ ይቀዘቅዝብኛል፣ እህቴ።

እሷ፦ እኔን የሚጠራኝ እሱ ቅዝቃዜ ነው! የዘፋኛቸው የቶም ዮርክ ድምፅ ከዚያ ውስጥ ሲወጣ ይበልጥ ሰው ሰው ይላል።

እሱ፦ «ኢን ሬይንቦውስ»ስ? በ2007 አድማጩ የፈቀደውን ከፍሎ እንዲያወርደው ስላደረጉ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው። «ኑድ» የተባለውን ዘፈን ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይዘውት ቆይተው ነው እዚያ ላይ ያስገቡት፤ እንዴት በስሎ እንደወጣ!

እሷ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። አሁኑኑ እንክፈተው።