ጠለፋ በሽምግልና አይዘጋም

(የሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል እዚህ ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበሩ በሰጡኝ ፈቃድ ስለ አንድ ሕግ ጥቂት እናገራለሁ። ሕግ ሲባል ለብዙዎቻችን አዲስ አበባ ተጽፎ የሚመጣ፣ እኛ የምንታዘዘው እንጂ የምንለውጠው ነገር አይመስለንም። ይህ ትክክል አይደለም። የጠለፋን ሕግ ያስለወጡት አቤት ያሉ ዜጎች ናቸው። አሮጌውን ሕግ በጓሮ በር እየመለስን ያለነው ደግሞ እኛው ነን።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይል ነበር። ግን እዚያው አንቀጽ 558 ላይ መውጫ ቀዳዳ ነበረው። የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች፣ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር ክስ አይቀርብበትም። «በፈቃዷ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በሰው ቤት ተዘግቶባት ከከረመች በኋላ፣ አባቷም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ካለ፣ ፈቃዷ ምኑ ላይ ነው? እንግዲህ ይህ ሕግ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖረ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ድፍረት የሚባለው በ2006 ዓ.ም. የወጣው ፊልም የተሠራው በዚሁ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። ማኅበሩ ግን አንዲት ልጅ በማስፈታት አልቆመም፤ ሕጉ ራሱ ይለወጥ ብሎ ጮኸ። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ይህ የከተማ የተማሩ ሴቶች ነገር ነው የሚል ካለ፣ ጎረቤታችን ከምባታ ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ዱራሜ ላይ ማኅበር አቋቁመው፣ በየመንደሩ ሽማግሌውንም ወጣቱንም እናቱንም እያስቀመጡ ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ አነጋገሩ። ያነጋገሯቸው ሰዎች እኮ እንደኛው እንሰት የሚተክሉ ገበሬዎች ነበሩ።

በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. አዲስ የወንጀል ሕግ ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። አንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ መድፈር ካለበትም በዚያ ጭምር ይጠየቃል። ቀዳዳውም ተደፈነ፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባትም ከወንጀሉ አይድንም። የሴት ልጅ ግርዛትም በዚሁ ሕግ ወንጀል ሆነ። የተጠየቀው ሁሉ አልተገኘም፤ ሕጉ ስለ መድፈር ሲናገር «ከጋብቻ ውጭ» አለና ባል ሚስቱን ቢያስገድድ ከዚያ አንቀጽ ውጭ ሆነ። ሕጉ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው አያስቸግርም።

ታዲያ እኛስ? ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተወስዳ በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ተጠራ። ከተጠሩት ውስጥ የማኅበራችን አባላት ነበሩበት። ለአባትየው ካሳ ተቆረጠ፣ ቡና ተጠጣ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ልጅቱን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን በዚያ ቤት የተፈረደው በ1949ኙ ሕግ ነው።

አባቶቼ ቅር እንዳይላችሁ። ወላይታ ጉታራ ላይ ተቀምጦ ነገር ሲያይ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ጊፋታ ሲደርስ ቂም የያዘ ሁሉ ታርቆ አዲሱን ዓመት ይቀበላል። ድንበር ያጋፋን ጎረቤት፣ ብድር ያዘገየን ወንድም አስታርቁን፤ ፍርድ ቤት ከመንከራተትም አዳናችሁን። «ካላስታረቅን ሁለቱ ወገን ደም ይቃባል» የምትሉትንም ሰምቻለሁ፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ ቤተ ዘመዶቹን አረጋጉ፣ ከበቀል መልሱልን። ወንጀሉን ግን ለፖሊስ ተዉት። የቤተሰብ ዕርቅና የወንጀል ክስ ለየብቻ ናቸው።

የደረሰባት ልጅ ካለችም ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ ቶሎ ሆስፒታል ትወሰድ። የቫይረሱ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ የሚያልፈው ያ ሦስት ቀን ነው፤ የሐኪም ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

የሥራ አስፈጻሚው ሁለት ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛው በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ነው፤ የማኅበሩ አባል የሆነ ሰው በጠለፋና በመድፈር ጉዳይ ወንጀሉን ለማስቀረት ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም፣ ከተቀመጠም ይቀጣል። የቅጣቱን ልክ እናንተ ትወስናላችሁ፤ የለቅሶ እርዳታ መከልከሉን ግን እኔ አልደግፍም፣ ሬሳ አይቀጣም።

ሁለተኛው አቤቱታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያ የመረጥነው ሰው አለን። ጠለፋንና መድፈርን በገንዘብ ሸምግሎ ከክስ የሚያስቀር ሰው ራሱን በቻለ አንቀጽ እንዲጠየቅ፣ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውም እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። በሁለተኛው ላይ በኮሚቴው ውስጥም ክርክር ነበር፤ የማይስማማ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መፈረም ይችላል፣ ወረቀቱ ለዚሁ ተብሎ ለየብቻ ተዘጋጅቷል።

ወረቀቶቹ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ናቸው። እናቶችና ሴት ልጆች በባል ወይም በአባት ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ይፈርሙ፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ አሻራ ያድርግ። በደንቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ነው።