በቤታችሁ አንጻር ያለውን ሥሩ



በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ያለፋችሁ ታውቃላችሁ፤ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ሁሉ በአንድ መኪና አይመጣም። አንዱ መኪና አንድ ወይም ሁለት ኮንቴይነር ይጭናል፣ ያራግፋል፣ ይመለሳል።

እኛ ግን መስከረም ሲጠባ መርከቡን በሙሉ በአንድ ቀን ልንሸከም እንነሣለን። እኔ ራሴ አንድ ዓመት፣ “ዘንድሮ መጽሐፍ ቅዱስን እጨርሳለሁ፤ በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት እጸልያለሁ” ብዬ ለጌታ ቃል ገባሁ። ዘሌዋውያን ላይ ቆምኩ! የጎዳኝ ግን መቆሜ አይደለም፣ ኀፍረቱ ነው። ቃሌን አጠፍኩ ብዬ ጭራሽ ከጸሎት ራቅሁ። ስንቶቻችን እንዲህ ሆነን ይሆን?

ነህምያን ተመልከቱ። አስቀድሞ በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን አየ። ከዚያ ሥራው ተከፋፈለ፤ ምዕራፍ 3ን ብታነቡ ብዙዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን ሲሠሩ ታገኛላችሁ። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ (ነህ. 6፥15)። ጌታችንም ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። “እጸልያለሁ” ሳይሆን “ሥራ ከመግባቴ በፊት አሥር ደቂቃ”። “ዕዳዬን እከፍላለሁ” ሳይሆን “ከዚህ ወር ደመወዝ ለባለሱቁ ይህን ያህል ብር”። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ከዚያው ቀጥሉ፤ ከጌታ ፊት ግን አትሽሹ። እርሱ የተቀበለን ዕቅዳችን ስለተሳካ አይደለም፣ በጸጋው ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።