ለተዳፋት መሬታችን የትኛው ትራክተር ይሻለናል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍልና በግዢ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን አንድ ማሽን ነው። በማኅበራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ አውጥተን አናውቅም። ከገንዘቡ እኩሌታው ደጋፊዎቻችን የሰጡን ነው። እኩሌታው ደግሞ በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ብር እያልን ያጠራቀምነው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ምን እንዳየ፣ ምን እንደለካና ምን እንደሚመክር በዝርዝር ልናስረዳችሁ ይገባናል። ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

የዋጋ ማቅረቢያዎቹ ገና በፖስታ እንደታሸጉ ስለሆኑ በዚህ ንግግር የማንንም ሻጭ ዋጋ አንጠቅስም። ደግሞም ከዋጋ በፊት መሬቱ ይቀድማል።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በይዞታ የተሰጠንን 4 ሄክታር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያልወጣበት እግር የለም። ግን «ዳገት ነው» ማለት ብቻ ለማሽን ግዢ አይበቃም። በገመድና በውሃ ልክ ለካነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ገመዱን 10 ሜትር አግድም ወጥረን ከታችኛው ጫፉ እስከ መሬት ያለውን ከፍታ እንለካለን። 2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። በመቶኛና በዲግሪ የሚቆጠረውን ግን እንዳናምታታ። 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ ነው፤ 20 በመቶ ደግሞ 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻጭ «ማሽኑ 20 ይወጣል» ሲለን «20 ምን?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ልኬታችን እንዲህ ወጣ። የታችኛው አንድ ሄክታር ተኩል ከ8 እስከ 15 በመቶ ነው። የመካከለኛው አንድ ሄክታር ተኩል ከ20 እስከ 35 በመቶ ነው። የላይኛው አንድ ሄክታር ከ60 በመቶ በላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 እንዲህ ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። አዋጁ ባይኖርም እንኳ ዓይን ያለው ሰው ማሽን ወደዚያ አይነዳም። ስለዚህ የላይኛው ሄክታር ከዚህ ንግግር ወጥቷል። እዚያ የሚሠራው እጅና ዶማ ነው። ኮንሶዎች ዩኔስኮ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበላቸውን እርከን የሠሩት ያለ ሞተር መሆኑን አንርሳ።

ቀጥሎ የጠየቅነው ማሽኑ ምን ሊሠራልን ነው የሚለውን ነው። ለ600 የአፕል ችግኝ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ እንፈልጋለን። በመዝገባችን እንደሚታየው፣ በዚያ ድንጋያማ አፈር አንዲት አባል በቀን 3 ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ይህ 200 የሰው ቀን ነው። ለማሽን ከመንቀሳቀሱ ጋር በጉድጓድ 10 ደቂቃ ብንሰጠው 100 ሰዓት ይሆናል። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ የውሃ ማቆሪያ ኩሬ 20 ሰዓት፣ የመፋሰሻ ቦዮቹ 40 ሰዓት ጨመርንበት። በጠቅላላው 160 ሰዓት ቁፋሮ ሆነ፤ ይህም በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማመላለስ ነው፦ ፍግ ወደ ላይ፣ ምርት ወደ ታች፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ይህኛው ግን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በሳምንት 6 ሰዓት፣ ደረቅ በሆኑት 32 ሳምንታት፣ በዓመት 190 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ክረምት ላይ ማሽኑ ይቆማል። እርጥብ ዳገት ላይ ጎማ ከተንሸራተተ በኋላ መሪውን ቢያዞሩት አይታዘዝም።

ይህ ስሌት ምርጫችንን በብዙ ወሰነው። አንዳንድ አባላት በሰንሰለት የሚሄደውን ትንሽ ኤክስካቫተር እንድንገዛ አሳስበው ነበር። ለቁፋሮ ብቻ ቢሆን እነሱ ትክክል ናቸው። ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ መሬት ላይ ጠበቅ ብሎ ይቆማል፣ ከትንሽ ትራክተር ባክሆ ይልቅም ጠለቅ አድርጎ ይቆፍራል። ግን ጋሪ አይጎትትም፣ ፓምፕ አያዞርም፤ ከቦታ ቦታ ሲሄድም ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቆሞ ዝገት ይለብሳል። በእጅ እየተገፋ የሚሄደውን ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርም አየነው። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ፋካሲ በተባለው ፕሮጀክት ከ2013 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአገራችንም ተሞክሯል። ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ርካሽም ነው። ዳገት ላይ ግን ክብደቱን የሚይዘው የነጂዋ ክንድ ነው፤ እኛ ደግሞ የመካከለኛውን መሬት በክንድ ልናስይዝ አንፈልግም።

ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ በቅን ልቦና ትልቅ፣ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር እንድንገዛ መክረውናል። ስለ አሳቢነታቸው እናመሰግናለን፤ ምክሩን ግን አልተቀበልነውም። የእርከናችን ስፋት 3 ሜትር፣ መተላለፊያችን 2 ሜትር ነው። ትልቁ ትራክተር እርከኑ ላይ ቢወጣ መዞሪያ አያገኝም፤ ክብደቱም የእርከኑን ጠርዝ ይንደዋል። ከ23 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ውስጥ ግን ስፋታቸው አንድ ሜትር ከ15 ገደማ የሆኑ፣ ከፊት ሎደር ከኋላ ባክሆ የተገጠመላቸውና እስከ 1 ሜትር ከ80 የሚቆፍሩ አሉ። ለኩሬያችን ይህ ይበቃል።

ስለ ጉልበት አንድ ነገር አለ፣ ሻጮች ካልተጠየቁ አያነሱትም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 26 ተብሎ የተጻፈው እኛ ዘንድ ሲደርስ 19 ገደማ ነው። በጨረታ ሰነዳችን ውስጥ «ቢያንስ 26፣ ቱርቦ ካለው ይመረጣል» ያልነው ለዚህ ነው።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው እንግባ። ዳገት ላይ ትራክተር ይገለበጣል። በብዙ አገሮች ገበሬን በሥራ ላይ ከሚገድሉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ የትራክተር መገልበጥ ነው። ስዊድን ከ1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ከነጂው በላይ የሚቆም መከላከያ ብረት እንዲኖረው ያስገደደችው ለዚህ ነው። ብረቱ ትራክተሩ እንዳይገለበጥ አያደርግም፤ ሲገለበጥ ነጂዋ እንዳትጨፈለቅ ነው የሚያደርገው፤ ያውም ቀበቶ ካሰረች ብቻ። ቀበቶ ያላሰረች ነጂ ወደ ውጭ ትወረወርና ያው ብረት ራሱ ይወድቅባታል። ብረቱ የሌለውን ትራክተር በግማሽ ዋጋ ቢያቀርቡልንም ፖስታውን ሳንወያይ እናስወግደዋለን። የሚታጠፍ ብረት ያለው ከሆነ በእኛ መሬት ላይ አይታጠፍም፤ ቅርንጫፍ ካስቸገረ ቅርንጫፉ ይቆረጣል።

የተቀረው የሚዛን ጉዳይ ነው። ባክሆው ከኋላ ስለሚከብድ ትራክተሩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማው ይቀላል። ስለዚህ ከባዱ ወገን ምንጊዜም ወደ ላይ ይሁን፤ ሲወጣ በኋላ ማርሽ፣ ሲወርድ ፊት ለፊት። የሎደሩ ባኬት አፈር ይዞ ሲሄድ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ሰው ማየት ስለሚቸግረው ባኬቱን ወደ ላይ ሲሰቅል ታያላችሁ፤ መገልበጥ የሚጀምረው እዚያ ነው። በላይኛው ጎማ ድንጋይ፣ በታችኛው ጎማ ጉድጓድ ከተገናኙ 15 በመቶ የነበረው ተዳፋት በአንድ አፍታ 30 ይሆናል። ሲቆፈር ሁለቱ የጎን እግሮች ጠንካራ መሬት ላይ ይተከሉ፤ የተሞላው ባኬት ወደ ዳገቱ ወገን እንጂ ወደ ቁልቁለቱ አይዙር። ከተቆፈረ ቦይ ጠርዝም ቢያንስ የቦዩን ጥልቀት ያህል እንራቅ። ኮሚቴው ከዚህ ሌላ የራሱን ሕግ አውጥቷል፦ ከ20 በመቶ በላይ በሆነ ቦታ ማሽኑ አግድም አይሄድም። ለመካከለኛው መሬት መጀመሪያ ደልዳላ መንገድ ይወጣለታል፤ ያንን መንገድ በጥቂት ቀን የኤክስካቫተር ኪራይ እናስወጣለን እንጂ በራሳችን ትንሽ ማሽን አንጋፈጠውም።

አራቱም ጎማ የሚነዳ መሆን አለበት። ምክንያቱ ለመውጣት ብቻ አይደለም። በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። አራቱም ሲያያዙ ግን ሲወርድ የፊቶቹም አብረው ይይዛሉ። ካምቢዮን በተመለከተ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በሃይድሮሊክ የሚሄደው እግር ሲነሳ ስለሚዘገይ ለአዲስ ነጂ ይቀላል፤ ለባክሆ ሥራም ይመቻል። ዘይቱና ፊልትሮው ግን ውድ ነው፤ ሲበላሽም የመንደር መካኒክ አይነካውም። የማርሹን ካምቢዮ የሚፈታው ብዙ ነው። በመጨረሻ የነጂዎቻችን ደኅንነት አመዘነና ወደ ሃይድሮሊኩ አዘነበልን። የትኛውም ቢገዛ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀየርና ዜሮ አድርጎ መውረድ ክልክል ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ የሚያደርጉ የመኪና ሾፌሮችን ልማድ ወደ እኛ ግቢ አናስገባም።

ስለ ጎማ በአጭሩ። ጥልቅ ጥርስ ያለው የእርሻ ጎማ ጭቃ ላይ ይሻላል፤ ወፍራሙ የኢንዱስትሪ ጎማ ድንጋይና የሎደር ክብደት ይችላል። እኛ ክረምት ስለማንሠራና መሬታችን ድንጋይ ስለሆነ ሁለተኛውን መርጠናል። ባክሆው በሦስቱ የማንጠልጠያ ክንዶች ላይ ብቻ የሚሰቀል ሳይሆን፣ ከትራክተሩ ሥር በሚያልፍ የራሱ ሻሲ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ አለዚያ የቁፋሮው ጫና የትራክተሩን ወገብ ይሰብራል። ጋሪው የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ የተጫነ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ማሽኑ 3 ሚሊዮን ብር ቢሆንና 10 ዓመት ቢያገለግለን፣ በዓመት 300,000 ብር ከዋጋው ይቀነሳል። በዓመት 200 ሰዓት ብቻ ከሠራ ናፍጣና ነጂ ሳይጨመር የአንድ ሰዓቱ ወጪ 1,500 ብር ነው። ሌላ 200 ሰዓት ለጎረቤት ብናከራየው ወደ 750 ይወርዳል። ስለዚህ ኪራይ ካልታሰበበት ግዢው አያዋጣም፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። ለኪራይም የሚወጣው ተዳፋቱ ተለክቶ ከደንባችን በታች ከሆነና ነጂዋ የእኛ ከሆነች ብቻ ነው።

የውጭ ምንዛሪውን ጣጣ ታስታውሳላችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። አንድ ሻጭ ለ7 ቀን ብቻ የሚያገለግል ፕሮፎርማ ሰጥቶናል። የእኛ ስብሰባ በ7 ቀን አይጠራም፤ ስለዚህ ቢያንስ 45 ቀን የሚጸና ዋጋ ጠይቀናል። የእርሻ መሣሪያና የግንባታ መሣሪያ በጉምሩክ ዘንድ አንድ ላይታዩ ስለሚችሉ፣ ባክሆው በየትኛው እንደሚመደብ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን አዘናል። መለዋወጫ «አለ» የሚል ቃልም አንቀበልም። ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦና የባኬት ጥርስ መደርደሪያ ላይ እናያለን፤ ዋጋቸውንም እንጽፋለን። ከጠቅላላው በጀት 15 በመቶው ለመለዋወጫና ለሥልጠና ተለይቶ ይቀመጣል፤ ደጋፊዎቻችን ይህን «ያልዋለ ገንዘብ» ብለው እንዳያዩብን ከወዲሁ እናሳስባለን።

አንድ ጥያቄ ግን በሒሳብ አይፈታም። ጉድጓድ ቆፍረው በቀን ክፍያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አባላት አሉን። 200 የሰው ቀን ለማሽን ሲሰጥ ከእነዚህ እናቶች ኪስ ይወጣል። «ማሽኑ እንጀራችንን ሊወስድ ነው ወይ?» ያሉን እናት ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቀዋል። በሌላ በኩል ወገባቸው ተጎድቶ ዶማ ማንሳት ያቃታቸውም የእኛው ናቸው። ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ የላይኛው ሄክታር ተከላና የመካከለኛው እርከን የድንጋይ ካብ በሙሉ ለአባላት በቀን ክፍያ እንዲሰጥ፣ ክፍያውም ከማሽኑ ኪራይ ገቢ እንዲሸፈን ነው። የመጀመሪያው ዓመት የኪራይ ገቢ ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዚያ ዓመት 200ውን ቀን የሚያህል ሥራ ከቁጠባው ዋስትና ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለውን እናንተ ወስኑ። በኮሚቴው ውስጥ ሦስታችን ይሰጠው ብለናል፤ ሁለታችን የቁጠባ ገንዘብ መነካት የለበትም ብለናል።

ነጂን በተመለከተ ከውጭ ወንድ ሾፌር ይቀጠር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ የምንመክረው ከአባላት መካከል ሁለት ሴቶች እንዲሠለጥኑ ነው። ሁለት ያልነው አንዷ ስትወልድ ወይም ስትታመም ማሽኑ እንዳይቆምና ያልሠለጠነ ሰው «እኔ ልሞክረው» ብሎ እንዳይወጣበት ነው። ሥልጠናው ሜዳ ላይ ተጀምሮ በራሳችን ዳገት ላይ ያልቃል፤ ሻጩ አሠልጣኙን እዚህ ድረስ ካላመጣ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም።

ፖስታዎቹ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጽሕፈት ቤታችን በይፋ ይከፈታሉ። መገኘት የምትፈልግ አባል ሁሉ ትገኝ። ለሥልጠናው የምትመዘገቡ እህቶች ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስይዙ፤ የመንጃ ፈቃድ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ።